ባለ አንድ ግድግዳ የስቴንለስ ኮዳ፦ ለዘወትር ትምህርትም፣ ለጎርፍ ቀንም

ልጆቻቸውን ድሬዳዋ ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች መስከረም በመጣ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ቲቸር፣ የትኛውን ኮዳ እንግዛ?» መልሴን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው። ቀለም ያልተቀባ፣ ግድግዳው አንድ ብቻ የሆነ፣ አፉ ሰፋ ያለ የስቴንለስ ኮዳ ግዙ። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ የሚደረደረው፣ በሮዝና በሰማያዊ ያሸበረቀው፣ እንደ ፔርሙዝ ቅዝቃዜ የሚይዘው ባለ ድርብ ግድግዳ ኮዳም ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለቢሮ ሠራተኛ እመክረዋለሁ። ለተማሪ፣ በተለይ ደቻቱ ወንዝ ዳር ለሚኖር ተማሪ ግን አልመርጠውም። ምክንያቴ ብዙ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

የማስተምረው ጄኔራል ሳይንስ ነው፤ የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪም ነኝ። ባለፈው ዓመት ከወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ጋር ሆነን ገንዘብ አሰባስበን ለክበቡ ልጆች ሁለቱንም ዓይነት ኮዳ ገዛን፤ ግማሾቹ ይህን፣ ግማሾቹ ያንን ይዘው ዓመቱን ተማሩ። ቤትም ለልጆቼ አንዳንድ ዓይነት ሰጠኋቸው። ስለዚህ የምጽፈው ሱቅ ውስጥ አገላብጬ ስላየሁት ዕቃ አይደለም፤ ሲሚንቶ ላይ ስለወደቀው፣ ክዳኑ ስለጠፋው፣ ሽታ ስላመጣው ኮዳ ነው።

መጀመሪያ ግን ኮዳው ለምን እንዳስፈለገ። በድሬ ሙቀት ልጅ ውሃ ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ብዙው ወይ ከሱቅ ግማሽ ሊትር ውሃ ይገዛል፣ ወይ የትናንቱን ሃይላንድ ሞልቶ ይመጣል። ሃይላንዱ ፀሐይ ሲያገኘው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የወደቀበት ይቀራል። ንጹሑን ለቅመው የሚሸጡ አሉ፤ የተጨፈለቀውንና አፈር የገባበትን ግን የሚያነሳው የለም። ማረፊያው ዲች ነው።

ከአጥራችን ጀርባ ያለውን ዲች ከክረምት በፊት ሲጠረግ ቆማችሁ ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። ክዳኑ የተዘጋው ጠርሙስ ይንሳፈፍና ውሃው አስፋልት ሥር ወደሚያልፍበት ቱቦ አፍ ሄዶ ይደረደራል። ክዳን የሌለው ደግሞ አሸዋ ይሞላውና ከሥር ይተኛል። በሁለቱ መሃል ፌስታል ይጠመጠማል። አንዴ እንዲህ ከተያያዘ አካፋ አይገባበትም፤ በእጅ አንድ በአንድ እየነቀሉ ማውጣት ነው። ያልወጣ እንደሆነ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቱቦውን ትቶ በአስፋልቱ ላይ ይመጣና በትምህርት ቤቱ በር ይገባል። ዝናቡ ብዙ መሆን የለበትም፤ ቱቦው ከተዘጋ ትንሹም ይበቃል።

ይሄ ለድሬ ሰው ተራ ነገር አይደለም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሰው በተኛበት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዶብናል፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤት አልባ ሆነዋል። የዛሬ ተማሪዎቼ ያኔ አልተወለዱም። ለእነሱ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገሩት፣ ኳስ የሚጫወቱበት። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ብቻ ሊሞላው እንደሚችል ካልተነገራቸው በምን ያውቃሉ? ስለዚህ በክበባችን ፕላስቲክ መቀነስንና ለጎርፍ መዘጋጀትን ለያይተን አናስተምርም። ኮዳውንም የመረጥነው በሁለቱም መለኪያ ነው፤ በየቀኑ ሃይላንድን መተካት አለበት፣ በክፉ ቀን ደግሞ ሊያገለግል ይገባል።

በክፉ ቀን ስል ጎርፉ ካለፈ በኋላ ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው። መስመሩ ይሰበራል፣ ጉድጓዱ ይበከላል፣ በየቦታው ውሃ ተኝቶ የሚጠጣ ውሃ ይጠፋል። ከዚያ የሚፈራው አተት ነው። ባለ አንድ ግድግዳው ኮዳ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ክዳኑን አውልቃችሁ፣ ውሃ አድርጋችሁበት፣ በቀጥታ ከሰል ላይ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። ድስት በሌለበት ቦታ ድስት ይሆናል።

ይህን ለልጆቹ በቃል ብቻ አልነገርናቸውም። ግቢያችን ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን አንዱን ኮዳ ከአፉ ዝቅ አድርገን ሞልተን ጣድነው። ቂጡ መጀመሪያ ወርቅማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ቀለም አወጣ፣ ከዚያ ጠቆረ። ልጆቹ ተበላሸ ብለው ጮኹ። ሲቀዘቅዝ በአሸዋና በሳሙና አሹት፤ ጥቁሩ ለቀቀ፣ ሰማያዊው ቀለበት ቀረ። ውስጡ እንደነበረ ነው፣ ስፌቱ አላፈሰሰም፣ ውሃውም ምንም ጣዕም አላመጣም። ያ ኮዳ ዛሬም ያገለግላል፤ እንዲያውም ሰማያዊ ቀለበት ያለውን ለመያዝ የሚሻሙ አሉ። ከእሳት ሲወጣ አንገቱን በወፍራም ጨርቅ ወይም በጉጠት መያዝ ያስፈልጋል፤ ሙሉ አካሉ ይግላል። የማፍላቱ ሥራ የአዋቂ መሆኑን አጥብቀን ነግረናቸዋል።

ስለ ማፍላቱ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ወይ ያሳጥረዋል ወይ ከሰል እስኪያልቅ ያፈላል። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ እንዲጠል ተዉትና ከላይ ያለውን በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ከዚያ ተንፈቅፍቆ መፍላት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ2,000 ሜትር በላይ የምትኖሩ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባና ደሴ ያላችሁ፣ 3 ደቂቃ አድርጉት፤ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ከሰል ከሌለ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ጥሩ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ለክታችሁ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ባለ ድርብ ግድግዳውን ግን እሳት አጠገብ አታድርሱት። በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል አየሩ የተመጠጠበት፣ ዙሪያውን የታሸገ ክፍተት አለ። ሲግል መውጫ ስለሌለው ሊፈነዳና ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም፣ ካርቶኑ ላይም ቢጻፍ በቻይንኛ ነው። ድርብ ኮዳ ቤት ያላችሁ ዛሬውኑ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ እሱ ነው ብዙ ወላጅ የሚሸወድበት። አሉሚኒየም ነው። ከውጭ ሲያዩት ከስቴንለሱ አይለይም፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ እጅ ላይ ሲይዙት በጣም ይቀላል። ውስጡን ግን በስልካችሁ መብራት አብርታችሁ ተመልከቱ። ስቴንለስ ከሆነ የምታዩት ብረቱን ራሱን ነው፤ ያብረቀርቃል፣ የስፌቱም መስመር ይታያል። አሉሚኒየም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ሽፋን ተቀብቷል። ያ ሽፋን እሳት አይችልም፤ ሲወድቅም ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል። አንዳንድ ሻጮች ማግኔት አስጠግተው «ይኸው አይስብም፣ ኦሪጅናል ነው» ይላሉ። አሉሚኒየምም ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ ይህ ማስረጃ አይሆንም። ቂጡ ላይ 304 ወይም 18/8 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለበት፣ ለምግብ ዕቃ የሚመረጠው ስቴንለስ ማለት ነው። ጽሑፍ ማንም ይለጥፋልና እሱንም፣ ውስጡንም፣ ክብደቱንም አብራችሁ እዩ። እኛ የገዛነው 750 ሚሊ ሊትሩ ባዶውን 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ድርቡ ከዚያ ያነሰ ውሃ ይዞ የበለጠ ይከብዳል። ደብተር ተሸክሞ በእግሩ ለሚሄድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይህ ልዩነት ትከሻው ላይ ይታወቃል።

አሁን ወደ ድክመቱ። ባለ አንድ ግድግዳው ኮዳ ሙቀት አይመክትም። ጠዋት ቀዝቃዛ የነበረው ውሃ ከዕረፍት በፊት ለብ ብሏል፤ እኩለ ቀን ላይ ደስ አይልም። ድርቡን የያዙት ልጆች እስከ መውጫ ሰዓት ቀዝቃዛ ይጠጣሉ፤ በዚህ በኩል ውድድርም የለም። ልጆቻችን በቂ ውሃ መጠጣት ስላለባቸው ይህን አቅልዬ አላየውም፤ ሞቆብኛል ብሎ የማይጠጣ ልጅ አለ።

መፍትሔውን ያገኘነው ከጭነት መኪና ሾፌሮች ነው። በአፋር በኩል የሚመላለሱት ጀሪካናቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ጆንያውን አርሰው ከመኪናው ጎን ያንጠለጥሉታል። ውሃው ከጆንያው ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህም በደንብ ይሠራል። እናቶች ከአሮጌ ጂንስ እግር ላይ ቆርጠው ከሥር የተዘጋ፣ ከላይ ገመድ ያለው ልብስ ለኮዳው ሰፉ። ልጁ ጠዋት አርሶት መስኮት ላይ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ በዕረፍት ሰዓት እንደገና ያርሰዋል። የበረዶ ያህል አይሆንም፤ ልብስ ካልለበሰው ጋር ያለው ልዩነት ግን በእጅ ይታወቃል። ጄኔራል ሳይንስ ላይ ትነትን ሳስተምር ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ኮዳዎቹን አነሳለሁ። ጂንሱ ሌላም ጥቅም ሰጠን፤ ኮዳ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ክፍሉን የሚያናውጠው ድምፅ ቀረ። መጀመሪያ ላይ ከባልደረቦቼ የመጣው ትልቁ ቅሬታ እሱ ነበር።

ክዳን ላይ ጥብቅ ሁኑ። በቀሰም የሚጠጣውን፣ ተጭነው የሚከፍቱትን፣ ካርቱን ያለበትን ተዉት። ቀሰሙ ውስጥ ሻጋታ ይይዛል፣ ብሩሽ አይገባበትም፣ መጀመሪያ የሚሰበረውም እሱ ነው። ተሽከርክሮ የሚዘጋ፣ ጎሚኒ ያለው፣ ማንጠልጠያው ከክዳኑ ጋር አንድ የሆነው ይሻላል። አፉ የትንሽ ልጅ እጅ የሚያስገባ ይሁን፤ ለማጠብም፣ ከቧንቧ ለመቅዳትም፣ ለማፍላትም ይመቻል። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ሰፊው አፍ ደረት ላይ ይፈሳል፤ ለእነሱ ግማሽ ሊትሩን ጠበብ ካለ አፍ ጋር ፈልጉ።

የድሬ ውሃ ጠጣር ስለሆነ ጀበናችንና ማንቆርቆሪያችን ላይ የምናውቀው ነጭ ነገር ኮዳውም ውስጥ ይጋገራል። አያሳምምም፤ ግን ልጆች ቆሻሻ መስሏቸው ይጸየፉታል። ሎሚ ጨምቁበትና ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በብሩሽ ይለቃል። በረኪና አታስነኩት። በረኪና ስቴንለስን ይበላዋል፣ ትናንሽ ቀዳዳ ያወጣበታል። ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይበቃል፤ ጎሚኒውን እያወጡ ማጠብ ግን መረሳት የለበትም፤ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከሁሉም የምወደውን ነገር ቀፊራ ያለ አንድ ቁልፍ ቀራጭ ሠራልን። በየኮዳው ጎን ላይ የልጁን ስምና ክፍል፣ ቂጡ ላይ ደግሞ የወላጁን ስልክ ቀረጸበት። ስልኩን ከሥር ያደረግነው መንገድ ላይ ለማንም እንዳይታይ ነው። እስክሪብቶ ይለቃል፣ የተለጠፈ ወረቀት ይነሳል፤ የተቀረጸ ብረት ግን ጭቃ ውስጥ ቢያድርም ይነበባል። በጎርፍ ቀን ልጅና ወላጅ ሲለያዩ፣ ልጁም ደንግጦ ስልክ መናገር ሲያቅተው፣ ያገኘው ሰው ኮዳውን ገልብጦ ይደውላል። ቀለም የተቀባው ኮዳ ላይ ሲቀረጽ ቀለሙ እየተላጠ ይሄዳል፤ ቀለም የሌለውን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ወላጆች ይህን ሲያዩ ነው ኮዳውን ከልባቸው የተቀበሉት። አንዲት እናት ስልኩን በጣቷ እየዳሰሰች «በዚያ ሌሊት እህቴን ሦስት ቀን ነው የፈለግናት» ብላ ነገረችኝ። እህቷ በሕይወት ተገኝታለች።

ስለ ዋጋው። ታይዋን ገበያ ውስጥ በጅምላ ስንገዛ አንዱ ወደ 650 ብር ወጣ። በየቀኑ ግማሽ ሊትር ውሃ በ20 ብር የሚገዛ ልጅ ሁለት ወር ሳይሞላው ገንዘቡን ይመልሳል፤ ቧንቧ ላይ ለሚሞላ ልጅ ግን ወጪው እንዲሁ ወጪ ነው። ስለዚህ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ወመህ ሸፍኖላቸዋል፤ ሌላውም ትምህርት ቤት እንዲህ ቢያደርግ ነው የምመክረው። አለበለዚያ ኮዳ ያለውና የሌለው ልጅ ክፍል ውስጥ ይለያል።

የሸጠልን ልጅ መጀመሪያ ተከራክሮኝ ነበር። «ቲቸር፣ ልጅ የሚወደው ቀለሙን ነው እኮ! ይሄን ባዶ ብረት ማን ይይዘዋል አቦ?» አለኝ። ለምን እንደፈለግሁት ሳስረዳው ግን ዝም ብሎ ሰማኝና መጋዘን ሄዶ ያልተቀባውን አወጣ። ከዚያ እያንዳንዱን ውሃ ሞልቶ፣ ገልብጦ፣ ወረቀት ላይ አስቀምጦ አሳየኝ፤ ያረጠበውን ወደ ጎን አደረገ። ካርቶን ከፍተን አናሳይም ከሚሉት ይልቅ እንዲህ የሚያስፈትሽ ሱቅ ፈልጉ። አንድ ሌላ ሱቅ የሸጠልን ባለ ድርብ ኮዳ ግን የሚያሳዝን ነው፤ ዓመቱ ሳይጋመስ አንዳንዶቹ ቅዝቃዜ መያዝ አቆሙ፤ ውጫቸው ላብ ያወጣል። መካከላቸው የነበረው ክፍተት አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አይጠገንም። ልንመልስ ብንሄድ አልተቀበሉንም።

ኮዳ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ የሚሞላበት ቦታ ያስፈልጋል። የእኛ ግቢ ሮቶ አለው፤ ከሥሩ ዝቅ ያሉ ቧንቧዎች ተገጠሙለት፣ ሮቶው በየጊዜው ይታጠባል፣ ክዳኑ ይዘጋል። መስመር በሚጠፋበት ቀን የሚያዳርሰን እሱ ነው። ትምህርት ቤት በክፉ ቀን መጠለያ ስለሚሆን ሮቶው ክረምት ላይ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከዘበኛው ጋር ተስማምተናል። ሮቶ የሌለው ትምህርት ቤት ገንዘቡን መጀመሪያ ኮዳ ላይ ሳይሆን እዚያ ላይ ያውል።

የብስኩትና የጁስ ፕላስቲክ ገና አልተነካም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ስለከለከለ ምሳ ዕቃ በጨርቅ ከረጢት መያዝ እየተለመደ ነው፤ የሱቁ ብስኩት ግን ልጆቹን እየጠራ ነው። በሃይላንድ በኩል ለውጡ በዓይን ይታያል፤ ከግቢያችን የሚወጣው ጆንያ ቀንሷል፣ ዲቹን ስንጠርግ የምናገኘው በአብዛኛው ከላይ ከሰፈሩ የመጣ ነው። ከላይ ያሉት ትምህርት ቤቶች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ ውሃው ከእነሱ ነው ወደኛ የሚመጣው።

ክረምት ላይ ቤታችሁ ውስጥ ኮዳው ማታ ተሞልቶ በር አጠገብ ይደር፤ ከጎኑ ቆሎ፣ ባትሪ፣ በላስቲክ የታሸገ የመታወቂያና የልደት ካርድ ኮፒ። ልጆቹ የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907ን በቃላቸው ይያዙ።

ለነጋዴዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ኮዳው ራሱ ዓመታት ይቆያል፤ የሚያልቀው ጎሚኒውና ክዳኑ ነው። ድሬ ውስጥ ጎሚኒ ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ቧንቧ ሠራተኛ በልኩ ቆርጦ ሰጥቶን ነበር፣ ጎማው ግን ውሃውን አሸተተው። ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ጎሚኒና ተመሳሳይ ክዳን በጅምላ የምታስመጡ ካላችሁ ዋጋችሁን ጻፉልኝ፤ የእኛ ክበብ የመጀመሪያው ገዢ ይሆናል።